አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ

ሰፈሩ በሙሉ ግራሶ ይላታል። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው፤ እጇን በሳሙና ብታሸው፣ በጋዝ ብታጥበው፣ ከጥፍሯ ሥር አልለቅ ያለ ጥቁር ቅባት ስላለ። እሷም አልተቀየመችም። እንዲያውም ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ግራሶ ነኝ» ነው የምትለው። አባቷ ብስክሌት ጠጋኝ ነበሩ። ሲሞቱ የጥገና ሱቁን ለሴት ልጃቸው፣ የእሽቅድምድም ብስክሌታቸውን ለወንድ ልጃቸው ተዉ። ዘመድ አዝማዱ «ሽማግሌው ውርሱን ገለባበጡት» ብሎ ሲስቅ ሰነበተ። ግን አባትየው ልጆቻቸውን ያውቃሉ። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትወደው መፍታትና መግጠም ነው፤ ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ተፈናጦ መሄድ እንጂ ምን ከምን ጋር እንደሚታሰር ግድ የለውም።

ሱቋ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ከጣሪያው ቸርኬዎች ተሰቅለዋል፤ ከባድ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ ሁሉም በአንድ ላይ ይንቀጠቀጡና ቀጭን ድምፅ ያሰማሉ። ወንድሟ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ሲሄድ በዚያው ስለሚያልፍ፣ ጊዜ ሲኖረው ጎራ ብሎ አንድ ሁለት ቀልድ ሳይጥል አይሄድም። የጠርሙስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ሌሊት እቶን ይጠብቃል፣ ጠዋት ገብቶ ይተኛል። ዕድሜው ሃምሳን ዘልሏል። ባልደረቦቹ ግን አሁንም «ነፋሱ» ነው የሚሉት፤ ከድልድዩ እስከ ፋብሪካው በር ያለውን ዳገት በብስክሌት የሚወጣ ከእሱ ሌላ ሰው ስለሌለ።

ያ ዳገት ለግራሶ ደስ ብሏት አያውቅም። መንገዱ ጠባብ ነው። በግራ በኩል ጠርሙስ የጫኑ ካሚዮኖች ቁልቁል ይወርዳሉ፤ በቀኝ በኩል የድንጋይ ጠርዝ አለ፣ ከጠርዙ ወዲያ ገደል። ወንድሟ የመጨረሻው ኩርባ ላይ ሲደርስ ከኮርቻው ይነሣል። ቆሞ፣ ሙሉ ክብደቱን በፔዳሉ ላይ እየጣለ፣ እንደ ጎረምሳ እየተወዛወዘ ይወጣዋል። ይህን ሳያደርግ ያለፈበት ቀን የለም።

ብስክሌቱ ደግሞ አርጅቷል። ግራሶ ባየችው ቁጥር ዐይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው ፔዳሉን ከኋላ ጎማ ጋር በሚያገናኘው ሰንሰለት፣ በካቴናው ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ካቴና እኮ አለቀለት። አንድ ቀን ተውልኝና ልቀይርልህ» ትለዋለች።

«ይኸው ይዞር የለም እንዴ?»

«መዞሩንማ ይዞራል።»

«በቃ! እኔና እሱ አብረን ነው ያረጀነው። ዛሬ የእሱን ጥርስ ትነቅያለሽ፣ ነገ ደግሞ ወደኔ ልትዞሪ ነው» ይልና አፉን ከፍቶ የጎደለውን መንጋጋ ያሳያታል። ትስቃለች። ሳቁ ሲያልቅ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ በእጁ የገጠመውን እኔ አላስፈታም» ይላል። እዚህ ላይ ወሬው ያበቃል። እውነትም አባታቸው እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ የገጠሙት የመጨረሻ ሥራ ያ ነበር።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ የወንድሟ ሚስት ብስክሌቱን እየገፋች ሱቁ በር ላይ ደረሰች። ግራሶ እታለም ነው የምትላት። ላብ አጥምቋታል።

«ተኝቷል» አለች፣ ትንፋሿን ሳትሰበስብ። «ሳይነቃ መልሼ ከነበረበት ማቆም አለብኝ። ቶሎ በይ፣ እህቴ።»

«ምን ሆነሻል? ቁጭ በይ እንጂ መጀመሪያ።»

«አልቀመጥም። ሰሞኑን ከቤት በወጣ ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ዛሬ ጠዋት ሲገባ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀድዷል። ምን ሆነህ ነው ስለው ሳቀብኝ። እኔ ብስክሌት አላውቅም፤ ግን ከመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ጠጠጥ ይላል፣ ጥርሱን እንደሚያፋጭ በሽተኛ።»

ግራሶ ብስክሌቱን ማቆሚያው ላይ ሰቀለችው። ካቴናውን በጨርቅ ይዛ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞረች ጠረገችው። የዓመታት ጥቁር ቅባት እየለቀቀ ሲመጣ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አደረገችው። ከቀለበቶቹ አንደኛው ጎኑ ላይ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። በሁለት ጣቷ ስታጣምመው እንደ አፍ ተከፈተ።

ጨርቁን አስቀመጠች።

«ምንድን ነው?» አለች እታለም።

«ይሄ ዛሬ ካልሆነ ነገ ይበጠሳል።»

እታለም እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ችግሩ ካቴናው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራው የሻይ ሰዓት ሥራ ነበር። ግን ካቴና ሲያረጅ ይረዝማል፤ በረዘመ ቁጥር የተጠመጠመበትን የብረት ጥርስ ይበላል፤ ጥርሱም በዚያው ልክ ያልቅና ሁለቱ እንዳረጁ ተስማምተው ይኖራሉ። አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ሲጭኑት አይጣጣምም። በቀስታ ሲረግጡት ደህና ይመስላል፤ በኃይል ሲረግጡት ግን ካቴናው ጥርሱን ዘሎ ያልፋል፣ እግርም ባዶ ይረግጣል። ግራሶ የኋላውን ጥርሶች አየቻቸው። መካከለኞቹ፣ ወንድሟ ዘወትር ዳገት የሚወጣባቸው፣ ወደ አንድ ወገን ጋድለው እንደ ውሻ ክራንቻ ሾለዋል።

መለዋወጫ ሻጩ ጋ ደወለች። «ካቴናውማ አንቺም ጋ አይጠፋም» አላት። «የዚያ ዓይነት ጥርስ ግን እዚህ የለም። ከሌላ ከተማ አስመጣልሻለሁ፤ ትንሽ ቀን ታገሺኝ።»

«እንግዲያው ብስክሌቱ እዚሁ ይቆይ» አለች ግራሶ ስልኩን ዘግታ።

«እንዴት አድርጎ? ሲነቃ ቢያጣው ምን ልለው ነው? አባቴ የገጠመውን አስፈታሽ ብሎ ዕድሜ ልኩን አይለቀኝም። ታውቂው የለም እንዴ?»

ታውቀዋለች። ከራሷ ጋር ተሟገተች። የተሰነጠቀውን ካቴና መልሳ ብትሰጠው ዳገቱ ላይ ይበጠሳል። አዲሱን ብትገጥምለት ሊዘል ይችላል፤ ላይዘልም ይችላል። «ሊዘል ይችላል» የሚለው «ይበጠሳል» ከሚለው ይሻላል አለች። አሮጌውን ፈትታ ቁርጥራጭ ብረት ካለበት በርሜል ውስጥ ጣለችው። አዲሱን በልኩ ቆርጣ፣ በማርሽ መቀያየሪያው በካምቢዮው አሳልፋ፣ ፒኑን ጫን አድርጋ አገናኘችው። የሾሉትን ጥርሶች ጫፍ በሞረድ ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ራሷ ተፈናጣ በሱቁ ፊት ያለውን መንገድ ሁለት ሦስቴ ተመላለሰችበት። አልዘለለም። ግን እሷ ቀጭን ናት፣ መንገዱም ሜዳ ነው።

አዲሱ ካቴና አብረቀረቀ። ከሩቅ ያስታውቃል። እታለም አየችው፤ ግራሶም አየችው። ከዚያ ግራሶ ያገለገለ ጥቁር ቅባት ካለበት ቆርቆሮ በጣቷ ዝቃ፣ ከአሮጌው ካቴና ጠርጋ ካወጣችው እድፍ ጋር ለውሳ፣ አዲሱን ብረት ከዳር እስከ ዳር ቀባችው። በዕድሜዋ ሙሉ የቆሸሸ ካቴና ስታጸዳ ነው የኖረችው። ንጹሕ ካቴና ስታቆሽሽ የመጀመሪያዋ ነበር። እጇ ከበዳት።

«እታለም፣ ስሚኝ» አለች። «ጥርሱ እስኪመጣ ዳገቱን ቆሞ እንዳይረግጥ። ቁጭ ብሎ ይውጣ፤ ከሆነም ወርዶ ይግፋ።»

«ምን ብዬ ልንገረው?»

«ጉልበትህን ያምሃል፣ ሐኪም ከልክሏል፣ የሆነ ነገር በይው።»

«ጉልበቱን አሞት አያውቅ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው ግን ብዙ አልሄደም። እታለም ብስክሌቱን እየገፋች በጥላው ጥግ ለጥግ ሄደች። ግራሶ እስክትታጠፍ ድረስ በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፏ ተበላሸ። ከሰዓት በኋላ በሆነ ቁጥር የያዘችውን ሥራ ትተዋለች፤ ከድልድዩ ወዲያ የአምቡላንስ ድምፅ ይመጣ እንደሆነ ጆሮዋን ትጥላለች። ሻጩ ጋ መደወል አበዛች። ሰውየው ሰለቸውና «እመቤቴ፣ ጥርስ እንጂ ጽላት አይደለም የምንጠብቀው» አላት።

ወንድሟ ግን ፊቱ በርቶ መጣ። ብስክሌቱን በሩ ላይ አስደግፎ፣ እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ መሃል ሱቁ ቆመ።

«ሰሞኑን ምን እንደነካኝ እንጃ» አለ። «እግሬ ቀሎኛል። እኔ የምልሽ፣ ሰው ወደ ኋላ ያድጋል እንዴ? ዳገቱ ራሱ ዝቅ ብሎ ነው የሚጠብቀኝ።»

ግራሶ ፈገግ ለማለት ሞከረች። አዲሱ ካቴና ነው እግሩን ያቀለለው። ወንድሟ ግን ወጣትነቱ የተመለሰለት መስሎታል።

«የፋብሪካችንን ሰርቪስ ሹፌር ታውቂው የለ? ሆዳሙን? ነገ ዳገቱ ላይ እቀድምሃለሁ ብዬዋለሁ። ሠራተኛው ሁሉ በመስኮት ሊያይ ነው።»

«ጋሼ» አለች።

«እ?»

አፏን ከፈተች። ሁሉም ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፦ ስንጥቁ፣ እታለም፣ የቀባችው እድፍ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ዳገቱን ቆመህ አትርገጥ። ቁጭ ብለህ ውጣ። ዕድሜህም እኮ...»

የወንድሟ ፊት ተለወጠ። «ዕድሜዬ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ለጤናህ ብዬ ነው።»

«እሷም ሰሞኑን ጉልበትህ ጉልበትህ ትለኛለች። ምን ተማክራችሁ ነው? ልትቀብሩኝ ነው እንዴ?» ብስክሌቱን አነሣ። «እንግዲያው ነገ ከድልድዩ ጀምሬ ነው ቆሜ የምወጣው። ኑና እዩ።»

በዚያው ቅጽበት አንዲት ሴት የተነፈሰ ጎማ ይዛ ገባች። ግራሶ ወደ ሴትየዋ ዞረች። ቀና ስትል ወንድሟ የለም። እውነቱን ግማሽ አድርጋ ስለነገረችው ጭራሽ እልህ እንዳስገባችው ገባት፤ ግን ጎማውን ተቀበለችና ቀዳዳውን መፈለግ ጀመረች።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሻጩ ደወለ። ጥርሱ መጥቷል። ግራሶ ሱቁን ዘግታ፣ እቃውን ተቀብላ፣ በራሷ ብስክሌት ወደ ወንድሟ ቤት በረረች። ዛሬ ትነግረዋለች፤ ይቆጣ፣ ይስደባት፣ እዚያው በር ላይ ፈትታ ትገጥምለታለች። እታለም እጇ ሳሙና እንደሆነ ወጣች።

«ጋሼስ?»

«ዛሬ ቀደም ብሎ ወጣ። ውድድር አለኝ ብሎ። እየዘፈነ ነው የወጣው።»

ተያዩ። ግራሶ ብስክሌቷን አዞረች።

ድልድዩን ስትሻገር ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር፤ ከአስፋልቱ ሙቀቱ እየተነሣ መንገዱን ውኃ ያስመስለዋል። ሰርቪሱ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ሠራተኞቹ ግማሽ አካላቸውን በመስኮት አውጥተው «ነፋሱ! ነፋሱ!» ይላሉ። ወንድሟ ከአውቶቡሱ ጎን፣ በአውቶቡሱና በድንጋዩ ጠርዝ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ይወጣል። የዛተውን ሁሉ አላደረገም፤ ኃይሉን ለመጨረሻው ኩርባ አጠራቅሞ እስካሁን ቁጭ እንዳለ ነው። ግራሶ እግሯ እስኪዝል ረገጠች። ሳንባዋ ተቃጠለ።

«ጋሼ! ቁጭ በል! እንዳትነሣ!»

ሠራተኞቹ የምታደፋፍረው መስሏቸው እጃቸውን አውለበለቡላት። ወንድሟ ድምፅዋን ሰምቶ ዞር አለ። አያት። ሳቀ፣ የጎደለ መንጋጋው እስኪታይ። ከዚያ ከኮርቻው ተነሣ።

አንዴ ረገጠ፣ ያዘ። ደገመ፣ ያዘ። በሚቀጥለው ግን ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ያን ሁሉ ጩኸትና የሞተር ድምፅ አልፎ እንዴት ጆሮዋ እንደገባ አታውቅም፤ ግን ሰማችው። የወንድሟ እግር ባዶ ረግጦ ወረደ፣ ደረቱ መሪው ላይ ወደቀ፣ ብስክሌቱ ወደ ግራ ታጠፈና ወንድሟ ከአውቶቡሱ ሆድ ሥር ጠፋ።

ፍሬኑ ጮኸ። አውቶቡሱ ቆመ። በመስኮት የነበሩት ሴቶች መጮኽ ጀመሩ።

ሹፌሩ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ወረደ። «በመስታወቱ እያየሁት ነበር... እያየሁት ከዐይኔ ጠፋ» ይላል ደጋግሞ። ከዐይኑ ሲጠፋ ፍሬን መያዙ ነው ሰውየውን ያተረፈው። የኋላው ጎማ የብስክሌቱን የፊት ቸርኬ ጨፍልቆ፣ የወንድሟ ዳሌ ላይ ወጥቶ፣ ከዚያ በላይ ሳይሄድ ቆሟል። ሰዎች አውቶቡሱን ወደ ኋላ ገፍተው ሲያወጡት ዐይኑ ክፍት ነበር። አልጮኸም። የሚያየው እሷን ነበር።

«ካቴናው ነው የተበጠሰው?» አለ አንዱ ሠራተኛ።

ግራሶ ብስክሌቱን አየችው። ካቴናው ደህና ነው። «አልተበጠሰም» አለች።

«አሮጌ ነው እኮ፣ ስንቴ ነገርነው» አለ ሹፌሩ እያለቀሰ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እታለም ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። ጥፍሯ እስኪገባ። «አትንገሪው» አለች በሹክሹክታ። «ብስክሌቱ አርጅቶ ነው ብሎ ያምናል። ይመን። ምን ይጠቅመዋል?»

«እኔ ልሸከመው አልችልም።»

«እኔስ? እኔ ነኝ ያመጣሁልሽ። ከእሱ ጋር የምኖረውም እኔ ነኝ።»

ሐኪሞቹ ዳሌውን በብረት ገጥመው፣ ወንድሟ ቀልቡ ተመልሶ፣ ከጎረቤት አልጋ ካለው በሽተኛ ጋር መቀለድ በጀመረ ጊዜ፣ ግራሶ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችው። እድፉ ሳይቀር። እታለም መስኮቱ ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

ወንድሟ ዐይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ።

«አባባ የገጠመውስ የት አለ?» አለ።

«በርሜል ውስጥ ጣልኩት። ከቁርጥራጩ ጋር ሰው ወሰደው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቆጣለህ ብለን።»

«እቆጣ ነበር» አለ። «በደንብ አድርጌ ነበር የምቆጣው። ከዚያ ግን ቁጭ ብዬ እወጣ ነበር።»

አሮጌው ካቴና ቢቀር ኖሮ እዚያው ኩርባ ላይ ሊበጠስ ይችል እንደነበር ልትነግረው ፈለገች። እውነት ነው፤ ግን ሰበብ መሰላትና ዋጠችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትነግረው «ይሆናል» ብቻ አላት።

አሁን ወንድሟ በምርኩዝ ይሄዳል። አንደኛው እግሩ አጥሯል። ፋብሪካው ወደ ቀን ሥራ አዛውሮት በር ላይ ተቀምጦ ገቢና ወጪውን ያያል፤ ነፋሱ የሚለውም ሰው የለም። ብስክሌቱን ግራሶ እሱ ፊት ቁጭ ብላ ሠራችው፦ የፊት ጥርስ፣ የኋላ ጥርስ፣ ካቴና፣ ቸርኬ። እያንዳንዱን ከመግጠሟ በፊት እጁ ላይ ታስቀምጥለታለች። ያገላብጠዋል፣ በጥፍሩ ይፍቀዋል፣ ይመልስላታል። ሥራው ሲያልቅ፣ «ሌላስ?» አላት።

«ሌላ የለም፣ ጋሼ። ይሄው ነው።»

«ሌላስ ያልነገርሽኝ?» አለ እንደገና። ድምፁ ቁጣ የለውም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ተጣልተው አያውቁም። እሑድ እሑድ እሱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ይጫወታል፣ ያስቃቸዋል፣ የሹፌሩን ሆድ እያነሣ ይቀልዳል። ባለፈው እሑድም እንደዚያው ነበር። እታለም ሻይ ቀድታ ሰጠችው። ብርጭቆውን ተቀበለ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው፣ ውስጡን አተኩሮ አየ። አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ ሁለቱንም በየተራ አያቸውና ሳቀ። እነሱም ሳቁ።

ሻዩ ግን እፊቱ ቀዘቀዘ። ማንም እንዲጠጣው አልጎተጎተውም።